ሦስት ሲደመር ሁለት

አባቷ ኦርቪን፣ በሚሲሲፒ ዳር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠበቀው በር
የቤት በር አይደለም፤ የወንዝ በር ነው።
ጀልባ ይገባና ይዘጋል ከኋላው፣
የፊቱም ገና ዝግ ነው።
ያኔ ውሃው ይሞላል፣ ቀስ እያለ፣
በቆሎ የጫነው ጀልባ፣ ሳይቀዝፍ፣ ከፍ አለ።

ልጁ ማረን ናት። በእኛ አፍ ስሟ ልመና ነው፤
በእነሱ ዘንድ የባሕር ቃል ነው፣ አያቶቿ ከሰሜን ያመጡት፣
ልመናውን ማንም አልነገራት።

ኮሌጇ ኮረብታ ላይ ነው፣ ከበቆሎ ማሳው ማዶ፤
ደወሉ የተሰነጠቀ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በጥር ከውጭው የባሰ በረዶ።
ውሉ አጭር ነበር፦ ሦስት ዓመት እዚህ፣ ሁለት ዓመት ከተማ፣
ሁለት ዲግሪ፤ አንዱ ለቃል፣ አንዱ ለብረትና ለአርማታ።
ፊዚክሱን ምድር ቤት፣ ከዘጠኝ ልጆች ጋር፣ ማታ ማታ ቀጠለች፤
ቀን ቀን ግን ላቲን፣ የሙታን ክርክር ሰማች።

ፕሮፌሰር ክሮፕ፣ ጠመኔው ጣቷ ላይ እንዳለ፣
"ግሱን ፈልጊ" ትላለች፤ "ዐረፍተ ነገር የተንጠለጠለ
በግሱ ነው። መጨረሻ ይመጣል፤ ያን ሁሉ ስም፣ ያን ሁሉ ቅጽል
ብቻውን ይሸከማል፤ እሱ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃል።"

አራተኛው ዓመት፣ ግንቦት። ጓደኞቿ ካባ ለበሱ፣
ባርኔጣ ወረወሩ፣ ተቃቅፈው አለቀሱ።
እሷ በፎቶው የለችም።
ሦስት መቶ ማይል ርቃ፣ ከማታውቃቸው ልጆች መሃል፣
የመዋቅር ፈተናዋ ላይ "ሠላሳ አንድ" ተጽፎበታል።
ቀልዱም፣ መቀመጫውም፣ የአምና ጥያቄውም የእነሱ ነው፤
"ባለ ላቲኗ" አሏት።
ኮረብታው ላይ ደግሞ "ባለ ካልኩሌተሯ" ነበረች።

ከኋላ ዝግ። ከፊት ዝግ።

ለአባቷ ደወለች፤ "እየሰመጥኩ ነው" አለችው።
ዝም አለ። ከጀርባው ውሃ ይሰማል፣ ገንዳው ሲሞላ።
"ጀልባ ውስጥ ያለ ሰው" አለ፣ "ከፍ ሲል አይታወቀውም፣
ግድግዳውን ካላየ።"
ሌላ አልጨመረም።

ያን ሌሊት ስዕሉን፣ ያን የብረት ድር፣
እንደ አንቀጽ ዘረጋችው፤ ማንበብ ጀመረች ከዳር፦
ይህ ዘንግ የማን ቅጽል ነው? ያኛው ማንን ያያይዛል?
ሸክሙ ከየት ተነሥቶ፣ በማን በኩል ይወርዳል?
ሲነጋጋ ግሱን አገኘችው፤ ጥግ ላይ፣ ከድንጋዩ ሥር፣
ስሙን ማንም ሳይጠራው ሁሉን ይሸከም ነበር።

ዘጠና አላገኘችም። ስድሳ ሁለት አገኘች።
አለፈች።

ይህን የነገረችኝ በኅዳር ነው፣ አንድ የገጠር ድልድይ ሥር፤
እኔ የሜትሩን ጫፍ ይዤ፣ እሷ ብረቱን በመዶሻ ስትመረምር።
ታንኳኳለች፣ ጆሮዋን ትሰጣለች፤
ደህናው ብረት ይዘምራል፣ የታመመው ያጉረመርማል።
ሰባተኛው ዘንግ ላይ ደገመች። ሦስት ጊዜ ደገመች።
ቀና ብላ አላየችኝም።

ከእኛ በፊት የመጡት አርባ ገጽ ጽፈው ነበር፣ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ፤
የወረዳው ሹም ዴልበርት ሹልትኬ ቡና አስቀምጦበታል፣ ክቡ ይታያል።
ማረን መኪናው ውስጥ፣ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ፣ አንድ መስመር ጻፈች፦
የተማሪዎቹ አውቶቡስ ከነገ ጠዋት ጀምሮ በዚህ ድልድይ ላይ
አይለፍ።

በእኔ ቋንቋ ሳነበው ግሱ መጨረሻ ቆመ፣
ያን ሁሉ ሕፃን ተሸከመ።

ሹሙ ተቆጣ፤ መዞሪያው አሥራ አንድ ማይል ነው።
ፈረመ ግን። አንድ መስመር ለማንበብ ጊዜ አላጣም።

በማግስቱ አውቶቡሱ ዞሮ ሄደ፤ ልጆቹ ዘግይተው ደረሱ፣
ሾፌሯም ስትረግመን ሰማናት በመስኮቱ።
ባዶው ድልድይ ላይ በረዶ መጣል ጀመረ፤ እሱ ብቻ፣ ቀላል ጭነት።
"ማረን" አልኩ።
ዘወር አለች።
ስሟን ጠርቼ ይሁን ልመናውን፣ እኔም አልለየሁት።